ስለሚንቀጠቀጥ አውቶሞቢል፤ ሳይመረምሩም ስለ መፍረድ

በሰው ቤት የሚኖር ዕቃ ደኅና ሆኖ ሲያገለግል ማንም አያስበውም፤ የታመመ ቀን ግን የቤቱን ሁሉ ሰላም ይነሣል። በቀድሞ ዘመን በቅሎው ያነከሰችበት ሰው ጠባቂዋን ይጠይቅ፥ ኮቴዋን አንሥቶ ይመለከት፥ ኮርቻዋንም አስፈትቶ ጀርባዋን ይዳብስ ነበር። ዛሬ በበቅሎ ፈንታ አውቶሞቢል በቤታችን ስለ ገባ፥ ይኸው ምርመራ ወደ አውቶሞቢል ተዛውሯል። ነገር ግን በቅሎ ስታነክስ የትኛው እግሯ እንደ ታመመ በዓይን ይታያል፤ አውቶሞቢል ሲንቀጠቀጥ መላ አካላቱ አብሮ ስለሚነቃነቅ፥ የታመመውን ክፍል ለይቶ ማወቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትዕግሥት ያጣ ሰውም ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ በመጀመሪያ ገንዘቡን፥ በሁለተኛም ያለ በደሉ የወቀሰውን ሰው ፍቅር ያጣል። እኛ ሁለቱንም ኪሳራ ለመቀበል አንድ ሐሙስ ቀርቶን ስለ ነበር፥ የደረሰብንን ለአንባቢዎቻችን ብንጽፍ ይጠቅም ይሆናል ብለን አሰብን።

ነገሩ እንዲገባ በመጀመሪያ ሃይብሪድ የሚባለው አውቶሞቢል ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ይህ አውቶሞቢል በአንድ አካል ሁለት ኃይል የያዘ ነው፤ አንደኛው ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር፥ ሁለተኛው ከባትሪ ኃይል የሚቀበል የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሼ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1900 ቤንዚንንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ ተሽከርካሪ ሠርቶ ነበር። በብዙ ተሠርቶ ለሕዝብ በመሸጥ ግን የታወቀው ቶዮታ ፕሪየስ ነው፤ እርሱም በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ለገበያ ወጣ። በእኛ ቤት ያለው የዚሁ የፕሪየስ ሦስተኛ ትውልድ፥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራ፥ ከሌላ ሰው እጅ የገዛነው ነው። ሞተሩ 1.8 ሊትር ነው። ከኋላ ወንበር በስተጀርባ የተቀመጠው ትልቁ ባትሪ 28 ክፍል አለው፤ በያንዳንዱም ክፍል 6 ሕዋስ ስላለ፥ 168ቱ ተደምረው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ።

አውቶሞቢሉን በየቀኑ የሚነዳው ከእኛ ጋር የሚኖረው የባለቤታችን ታናሽ ወንድም ነው። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ያደርሳል፥ እኛንም ወደ ሥራችን ይወስዳል፥ በሰንበትም ባለቤታችንን ወደ ዘመድ ቤት ያደርሳል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አውቶሞቢሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጧት ሞተሩ ሲነሣ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፍ ነበር፤ ከውስጡም ብረት ከብረት ጋር የሚጋጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ስንሄድ፥ ፍጥነቱ ከ90 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መሪው በእጅ ውስጥ ይርገበገብ ጀመር። እኛም ያን ጊዜ አንዳች ሳንመረምር ልጁን ጠርተን፥ «በጕድጓድ ውስጥ በፍጥነት ብታስገባው ነው እንጂ ደኅና የነበረው ዕቃ በምን ይሰበራል?» አልነው። ልጁም፥ «ጋሼ፥ በእግዚአብሔር፥ ጕድጓድ አልመታሁም» አለ። ቃሉን አልተቀበልነውም።

ከዚህ በኋላ አውቶሞቢሉን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። የጋራዡ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ ለጥቂት ጊዜ ካዳመጠ በኋላ፥ ማርሹ ያለበት ክፍል ውስጡ ተሰብሯል፥ ባትሪውም ደክሟል፥ ሁለቱም መለወጥ አለባቸው ብሎ ፈረደ። የጠየቀን ዋጋ ለሁለት ልጆቻችን የዓመት ትምህርት ያኖርነውን ገንዘብ የሚበላና ገና ሌላ ብድር የሚያስፈልገው ነበር። በዚያ ቀን ማታ በቤታችን እራት በዝምታ ተበላ። ልጁም በማግሥቱ ልብሱን በሻንጣ አድርጎ ወደ እናቱ ቤት ለመሄድ ተነሣ።

ባለቤታችን ይህን ባዩ ጊዜ እንዲህ አሉን፤ «እርስዎ በችሎት ሲውሉ የከሳሽን ቃል ብቻ ጽፈው ይወጣሉን? ለሌላው ሰው የሚጠየቀው ምስክር ለወንድሜ ለምን ቀረ? ደግሞስ ይህ ዕቃ የሚንቀጠቀጠው ሁልጊዜ አይደለም፤ ሲያሻው ይንቀጠቀጣል፥ ሲያሻው ይተዋል። መቼ መቼ እንደ ሆነ የጻፈው ሰው አለን?» መልስ አልነበረንም። የሰው ቃል መጻፍ እንጀራችን ሆኖ ሳለ፥ በገዛ ቤታችን አንድ ቃል እንኳ ሳይጻፍ ፍርድ መስጠታችን አሳፈረን። ልጁንም ለአንድ ሳምንት ብቻ እንዲቈይ ለመንነው፤ አንድ ደብተርም ገዝተን በአውቶሞቢሉ ውስጥ አኖርን።

በዚያ ደብተር ላይ በየቀኑ የጻፍነው የአምስት ጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄዎቹ ለማንኛውም አውቶሞቢል ስለሚጠቅሙ ከነምክንያታቸው እንደሚከተለው እናስቀምጣቸዋለን።

1ኛ፤ የሚንቀጠቀጠው ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ሲሄድ? ቆሞ ሳለ ጎማና ቸርኬ ስለማይዞሩ ክስ አይቀርብባቸውም፤ ጥፋቱ ከሞተሩ ወይም ሞተሩን ከአካሉ ጋር ከሚያያይዘው የጎማ ድጋፍ ነው። ሲሄድ ብቻ ከሆነ ግን ምርመራው ወደሚዞሩት ክፍሎች ይሄዳል።

2ኛ፤ ሞተሩ ዝም ባለ ጊዜ መንቀጥቀጡ ይቀራልን? ይህ ጥያቄ የሃይብሪድ አውቶሞቢል ልዩ ጥቅም ነው። በሌላው አውቶሞቢል ሞተሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ ስለሚሠራ፥ የሞተርን ንዝረት ከጎማ ንዝረት ለመለየት ያስቸግራል። ሃይብሪድ ግን በመንገድ ላይ ሞተሩን ራሱ አጥፍቶ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ይሄዳል። ሞተሩ ዝም ብሎ ሳለ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ሞተሩ ነፃ ነው ማለት ነው።

3ኛ፤ መንቀጥቀጡ የሚለወጠው በፍጥነት ነው ወይስ ቤንዚን በመስጠት? በፍጥነት ብቻ የሚለወጥ ከሆነ፥ ዳገት ሲወጣም ቍልቍለት ሲወርድም በዚያው ፍጥነት ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ይህም የጎማ ምልክት ነው። ቤንዚን ሲሰጡት ብቻ የሚንቀጠቀጥ፥ እግር ሲያነሡ የሚተው ከሆነ ግን፥ ከማርሹ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያው ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

4ኛ፤ የሚሰማው በምን ላይ ነው? በመሪው ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፊተኞቹ ጎማዎች ነው፤ በወንበርና በወለሉ ላይ ከሆነ ከኋለኞቹ ነው። ፍሬን ሲረግጡ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብን። ሃይብሪድ አውቶሞቢል በፍጥነት ሲሄድ ቀስ ብለው ፍሬን ቢረግጡ፥ የሚያዘገየው ዲስኩ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ኃይሉንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ዲስኩ ሥራ የሚይዘው ጠንክረው ሲረግጡና ሊቆም ሲል ነው። ስለዚህ ዲስኩ ቶሎ አይበላም፤ ነገር ግን ሥራ እየፈታ በዝናብ ወራት ስለሚዝግ፥ ያልተስተካከለው ዝገት በፍሬን ጊዜ እግርን ሊያርገበግብ ይችላል።

5ኛ፤ ጧት ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ሌሊት ያደረ ሞተር በጧት የሚያሳየውና በቀትር የሚሰውረው በሽታ ብዙ ጊዜ በሌሊት ውስጥ ገብቶ ያደረ ነገር እንዳለ ያመለክታል።

ሰባቱ ቀን ሲፈጸም ደብተሩን ከፍተን አነበብን። የተገኘውም አስደናቂ ነበር። ቆሞ ሳለ የሚንዘፈዘፈው ጧት ብቻ ነው፤ ከሃያ ሴኮንድም አያልፍም፤ ቀኑን ሙሉ ተመልሶ አይመጣም። መሪው የሚርገበገበው ደግሞ ጧትም ማታም በፍጥነት መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ዳገትና ቍልቍለት አይለይም፤ እንዲያውም በ65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሞተሩ ዝም ባለበት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሰማል። እንግዲህ ሁለት ነገር እንጂ አንድ ነገር አይደለም። ሁለት ከሳሾች በአንድ ቀን ወደ ችሎት ስለ መጡ፥ ተከሳሹ አንድ ነው ማለት እንዳይደለ ማንም ያውቃል፤ እኛ ግን በቤታችን ዘንግተነው ነበር።

ደብተሩን ይዘን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድን። እርሳቸውም አንብበው ፈገግ አሉና፥ «ጌታዬ፥ በሽተኛው ራሱ እንዲህ አድርጎ ሲናገር እኛ ሥራችን ቀላል ነው» አሉን። በመጀመሪያ የያዙት የመንገዱን መንቀጥቀጥ ነው፤ ምክንያታቸውም ርካሹንና ቀላሉን አስቀድሞ መመልከት ደንብ ስለ ሆነ ነው። አውቶሞቢሉን አንሥተው አራቱን ጎማዎች አወረዱ። በፊተኛው ግራ ቸርኬ ውስጥ፥ ከውጭ በማይታይበት ወገን፥ እንደ ሸክላ የደረቀ ጭቃ ተጣብቆ ተገኘ። በእጃቸው ፈንቅለው መሬት ላይ ጣሉት።

እንዲህ ያለ ጥቂት ጭቃ አንድ ሙሉ አውቶሞቢል እንዴት ያንቀጠቅጣል የሚል ቢኖር፥ ሒሳቡ እነሆ። የዚህ አውቶሞቢል ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ስለምንሄድ፥ ጎማው በያንዳንዱ ሴኮንድ 14 ጊዜ ይዞራል። በቸርኬው ከንፈር የተጣበቀ 100 ግራም ጭቃ በዚያ ፍጥነት ሲዞር፥ 15 ኪሎ የሚያህል ሸክም እንደ ሆነ ሆኖ ጎማውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ፥ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይጐትተዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉተታው ወደ ሩብ ስለሚወርድ፥ በከተማ ውስጥ አይታወቅም። ደግሞም ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን በልኩ ጊዜ የገፋ ሰው በትንሽ ኃይል ከፍ እንደሚያደርገው፥ የጎማው ምት ከአውቶሞቢሉ ሞላዎች የተፈጥሮ ምት ጋር በገጠመበት ፍጥነት መንቀጥቀጡ ይበረታል፤ ከዚያ ሲያልፍ አንዳንድ ጊዜ ይቀንሳል።

ሽማግሌው ቸርኬዎቹን አጥበው፥ ጎማዎቹ እብጠት ወይም መሰንጠቅ እንደሌለባቸው ዳብሰው አዩ፤ በጎማው ጎን የተጻፉትን አራት አኃዞችም አነበቡ። ከነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ስለሚናገሩ፥ ጎማው የተሠራበት ጊዜ በዚያ ይታወቃል። ኩሽኔታው እንዳልላላ ጎማውን በሁለት እጅ ይዘው ወዘወዙት። በመጨረሻም በባላንስ መሣሪያ ላይ አዙረው ጥቂት ግራም እርሳስ ጨመሩ። መሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለ።

ነገር ግን ጭቃው ከወዴት መጣ? ልጁ አላለም፤ እኛ ራሳችን አስታወስን። በነሐሴ ወር ለአንድ ዘመድ ለቅሶ ወደ ገጠር ስንወጣ፥ አውቶሞቢሉን በዚያ ቀን የነዳነው እኛ ነበርን፤ በማሳ ዳርም እስከ ቸርኬው ሰጥመን በሰው ኃይል ተገፍተን ወጥተናል።

የቀረው የጧቱ መንዘፍዘፍ ነበር። ሽማግሌው ልጁን ጠርተው፥ «ልጄ፥ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ ይጎድላልን?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ወደ እኛ ተመለከተና ዝም አለ። ሁለተኛ ሲጠይቁት፥ «አባቴ፥ ይጎድላል፤ ከሁለት ወር በፊት ለጋሼ ነግሬ ነበር፤ መሬት ላይ ግን የፈሰሰ የለም» አለ። እውነቱን ነው። ሁለት ጊዜ ነግሮን ነበር፤ እኛም ሁለቱንም ጊዜ ወረቀት ከማንበብ ዓይናችንን ሳናነሣ «ሙላበት» ብለነዋል። ወንጀለኛ ብለን የያዝነው ሰው አስቀድሞ የመጣና ቃሉ ያልተሰማ ምስክር ሆኖ ተገኘ።

ሽማግሌውም ምርመራውን እንዲህ አደረጉ። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፥ በማቀዝቀዣው ውኃ መያዣ ላይ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ገጥመው በልኩ ነፉና እንዲሁ አሳደሩት። በማግሥቱ ጧት የመለኪያው መርፌ ወርዶ ተገኘ፤ ከውጭ ግን አንድ ጠብታ እንኳ አልታየም። ካንዴላዎቹን ፈትተው በቀዳዳው በኩል ቀጭን ካሜራ ሲያስገቡ፥ ሦስቱ ፒስቶኖች በጥላሸት ጠቍረው ሳሉ አንዱ ብቻ ታጥቦ ያበራ ነበር፤ በላዩም ውኃ አቍሮ ነበር። ቴስታታ የሚባለውን የሞተር ራስ ከሥረኛው አካል ጋር የሚያጣብቀው ጓርኒሲዮን በአንድ ስፍራ አፈትልኳል፤ ውኃውም በሌሊት በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ጧት ያ ሲሊንደር በውኃ ስለ ራሰ አይቀጣጠልም፤ ውኃው በጢስ መውጫው እንደ ነጭ እንፋሎት ከወጣ በኋላ ግን ሞተሩ እንደ ደኅና ይሠራል።

ታዲያ የመጀመሪያው ጋራዥ ማርሹ ተሰብሯል ያለው ስለ ምን ነው? ይህንም ሽማግሌው አስረዱን። በዚህ ዓይነት አውቶሞቢል ፍሪሲዮን የለም፤ ሞተሩን የሚያስነሣውም ተራው ማስነሻ ሳይሆን በማርሹ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በሞተሩና በማርሹ መካከል ሞላዎች ያሉበት አንድ ሰሐን አለ፤ ሥራውም የሞተሩን ምት እንደ ትራስ ተቀብሎ ማለስለስ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1200 ጊዜ ሲዞር አንድ ሲሊንደር በየሴኮንዱ 10 ጊዜ ይቀጣጠላል። ያ አንዱ ሲሊንደር ሲከዳ በየሴኮንዱ 10 ጊዜ ምት ይጎድላል፤ ሞላዎቹም ወዲያና ወዲህ ስለሚላተሙ ብረት የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ከማርሹ በኩል ይሰማል። ድምፁ ከዚያ ይምጣ እንጂ ጥፋቱ ከሌላ ነው። ባትሪውም የተከሰሰው በዕድሜው ብቻ ነበር፤ የደከመ ባትሪ በሰሌዳው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፥ የኃይሉም መለኪያ ቶሎ ቶሎ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እነዚህ ምልክቶች በእኛ አውቶሞቢል ላይ አንዱም አልነበሩም። እርግጥ ነው፥ ሞላ ያለው ሰሐንም የሚሰበርበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የተሰበረ ሰሐን ሞተሩ በተነሣና በጠፋ ቍጥር ይጮኻል እንጂ፥ ጧት ብቻ ጮኾ ቀኑን ሙሉ አይጾምም።

የጓርኒሲዮኑን ሥራ ሽማግሌው በስድስት ቀን ፈጸሙ። ራሱን አውርደው አለመጣመሙን በቀጥተኛ ብረት ለኩ፤ ጓርኒሲዮኑንና የራሱን ብሎኖች አዲስ አደረጉ። ከዚህም በላይ፥ ከተቃጠለው ጢስ ከፊሉን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መንገድና ጢሱን የሚያበርደውን ክፍል ፈትተው አሳዩን፤ በጥላሸት ተደፍኖ የጭስ ቤት ጣራ መስሎ ነበር። በዚህ በሦስተኛው ትውልድ ሞተር ላይ ይህ መንገድ ሲደፈን የቃጠሎው ሙቀት እየጨመረ ጓርኒሲዮኑን ይጎዳዋል ብለው ብዙ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ስለዚህ ጓርኒሲዮኑን ለውጦ ጥላሸቱን መተው ቍስሉን አስሮ እሾሁን እንደ መተው ነው። የሁለቱም ሥራ ዋጋ በመጀመሪያ ከተጠየቅነው ሲሶ አልሞላም። የልጆቹ ገንዘብ ተረፈ።

ከዚህ ሁሉ ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅመውን በጥቂቱ እንናገር። የማቀዝቀዣው ውኃ ሳይፈስ ከጎደለ ወዴት እንደ ሄደ ሳይጠይቁ መሙላት አይገባም። የሚሞላውም የቧንቧ ውኃ ሳይሆን አምራቹ ያዘዘው ፈሳሽ ይሁን፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በክፍት ድስት ያለ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን መክፈት ፊትን ያቃጥላል። ጎማ ተፈትቶ በተገጠመ ጊዜ ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ብሎኖቹን እንደ ገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ የላላ ብሎንም በመንቀጥቀጥ ይጀምርና በመውደቅ ይጨርሳል። በኋላ ወንበር ጎን ያለው ወንፊት የባትሪው መተንፈሻ ስለ ሆነ፥ የልጆች ልብስና ቦርሳ እንዳይሸፍነው ይጠበቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ሃይብሪድ አውቶሞቢል ዝም ስላለ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሳያስቡት ሞተሩን ራሱ ሊያስነሣ ይችላል። እጅ ከመክደኛው ሥር ከመግባቱ በፊት ኃይሉ ይጥፋ፥ ቍልፉም ከአውቶሞቢሉ ይራቅ። ብርቱካን ቀለም የተቀቡት ሽቦዎች ከ200 ቮልት በላይ የሚያልፍባቸው ስለ ሆኑ፥ ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም አይንካቸው፤ ልጆችም ይህን ቀለም እንዲያውቁት ይነገራቸው።

አውቶሞቢሉ ድኖ ወደ ቤት በገባ ቀን ባለቤታችንና ልጆቻችን ባሉበት ልጁን ጠርተን፥ «በደልንህ፤ ቃልህንም ሳንሰማ ፈረድንብህ፤ ይቅር በለን» አልነው። በልጆች ፊት ይህን መናገር ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን ወቀሳው በልጆች ፊት ስለ ነበር ይቅርታውም በዚያው ሊሆን ተገባ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፥ «ጋሼ፥ ምን ነው፤ ተዉት» ብቻ አለ፤ ሻንጣውንም ወደ ክፍሉ መለሰ። ባለቤታችን ምንም አላሉም፤ ቡና እንዲፈላ አዘዙ።

ደብተሩ ዛሬም በአውቶሞቢሉ ውስጥ አለ። በየሰኞው ጧት ልጁ መክደኛውን ከፍቶ፥ «ጋሼ፥ ውኃው ከምልክቱ ላይ ነው» ይለናል። እኛም ወረቀታችንን አስቀምጠን፥ ወርደን እናያለን።